ለቾቄ ሥርና ለቢቸና ዋልካ የመጀመሪያ ፎር ዊል፦ ቪታራ፣ ራቭ ፎር ወይስ ሃርድቶፕ?

የቾቄ_ሥር

ሰላም ለሁላችሁ። መኪና ልገዛ ነው፤ የመጀመሪያዬ ነው። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሥራዬ የእንስሳት ሕክምና ስለሆነ መድኃኒትና ክትባት ይዤ ወደ ገጠር ቀበሌዎች እወጣለሁ። እስካሁን በሞተር ነበር። በበጋ ሞተር ምንም አይልም። ሐምሌ ሲገባ ግን እሱ እኔን ከሚሸከመኝ እኔ እሱን የምጎትተው ይበዛል።

ዋናው መንገዴ ወደ ሮብ ገበያ ነው። ከዚያ ወደ ቾቄ ተራራ የሚወጡት የቀበሌ መንገዶች ድንጋይ፣ ቁልቁለትና ጭቃ ናቸው። አልፎ አልፎ ወደ ቢቸና ዙሪያም እሄዳለሁ። የዚያን ዋልካ የሚያውቅ ያውቀዋል። መድኃኒት ለማምጣት አዲስ አበባ መሄድም አለ፤ ዓባይን ወርዶ መውጣት ማለት ነው።

እቁብ ደርሶኛል፤ አባዬም ይጨምርልኛል። ብሩን እዚህ አልጽፍም፣ ደላሎችም ያነባሉ። አዲስ ሃይሉክስ እንደማይገዛ ግን እወቁልኝ። እስካሁን ያየሁት አሮጌ ራቭ ፎር፣ አጭሩን ቪታራና አንድ ያረጀ ሃይሉክስ ነው። አባዬ "ሃይሉክስ ካልሆነ ብሩን መልሺልኝ" ይላል። ደላላው ደግሞ "ፎር ዊል ፎር ዊል ነው፣ ሁሉም አንድ ነው" አለኝ። እውነት ሁሉም አንድ ነው? መንዳት የተማርኩት በቪትስ ስለሆነ አታሹፉብኝ።

ናፍጣ_ብቻ

ወንድሜ፣ ጊዜህን አታባክን። ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ግዛ። ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ዋን ኤችዜድ ሞተር ያለውን። ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ይህ ላንድክሩዘር ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተሠራ ነው፤ ዛሬም ይሠራል። ሌላው መጫወቻ ነው።

የቾቄ_ሥር

ወንድምህ ሳልሆን እህትህ ነኝ። ሃርድቶፕን የምትገዛልኝ ከሆነ ግን ወንድምህም እሆናለሁ።

ናፍጣ_ብቻ

ይቅርታ እህቴ። ሃርድቶፕ ግዢ። ሌላው ምክሬ እንዳለ ነው።

ዋልካ_የበላው

ቢቸና ነኝ። ራቭ ፎር አለኝ፣ የመጀመሪያው ትውልድ። እወደዋለሁ። በፒስታ ላይ ምቹ ነው፣ ቤንዚንም ብዙ አይበላም። አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ይጎትታል። በቀይ አፈርና በኮረኮንች እስካሁን አላሳፈረኝም።

ዋልካ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዋልካ ማንሸራተት ብቻ አይደለም፣ ይጣበቃል። የጎማውን ጥርስ ይሞላና ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል። ከዚያ አራቱም ጎማ እየዞረ መኪናው እዚያው ይቆማል። በዚያ ላይ ሆዱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከሥር ይቀመጣል። ራቭ ፎር ደግሞ ፎር ሎው፣ ማለትም ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚሰጠው ማርሽ፣ የለውም። በሰኔና በመስከረም መሐል እኔ ከአስፋልት አልወጣም፤ ሥራዬ አያስገድደኝም። አንቺን ግን ያስገድድሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። ራቭ ፎር ሁሉ ፎር ዊል አይደለም፤ በፊት ጎማ ብቻ የሚሄድም አለ። ከሥር ተኝተሽ ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ መኖሩን እይ።

ጋራዥ_ማርቆስ

ልጄ፣ ደላላሽ ዋሽቶሻል። ሁሉም አንድ አይደለም። ትንሽ ልዘርዝርልሽ፤ ይህ ካልገባሽ ምርጫው አይገባሽም።

አንደኛው ዓይነት ዋልካ_የበላው የነገረሽ ነው። ሁልጊዜ ወይም ራሱ ሲፈልግ አራቱን ጎማ የሚያዞር። ለዝናብ፣ ለጠጠር፣ ለለስላሳ ጭቃ ይሆናል። ራቭ ፎር፣ ቴሪዮስ፣ አሁን አሁን የሚመጡት ትናንሽ ከፍ ያሉ የቤት መኪኖች አብዛኞቹ እዚህ ናቸው። ፎር ሎው የላቸውም።

ሁለተኛው ከካምቢዮው አጠገብ ሌላ አጭር ማርሽ ያለው ነው። ሃርድቶፕ፣ ሃይሉክስ፣ የድሮው ቪታራ፣ ጂምኒ። በአዘቦት ቀን በኋላ ጎማ ብቻ ይሄዳል። ስትፈልጊ ፎር ሃይ ታስገቢያለሽ፤ አራቱም ጎማ ይጎትታል። ከባድ ቦታ ሲመጣ ቆመሽ ፎር ሎው ታስገቢያለሽ። ፎር ሎው በሬ ነው እንጂ ፈረስ አይደለም። ፍጥነቱን ወስዶ ጉልበት ይሰጥሻል። ፍሪሲዮን ሳታቃጥይ በሰው እርምጃ ዳገት ትወጫለሽ። ከዚያ የሚበልጠው ግን ቁልቁለቱ ነው። ፎር ሎው አንደኛ ማርሽ አስገብተሽ እግርሽን ከሁሉም ላይ ብታነሽው ሞተሩ ራሱ ይዞ ያወርድሻል። ከሮብ ገበያ በላይ ያለውን ቁልቁለት በዝናብ ለሚወርድ ሰው ይህ ከሞተር ጉልበትም ይበልጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህ ሁለተኛው ዓይነት በደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል ገብቶ አይነዳም። ስትታጠፊ የፊቱ ጎማና የኋላው ጎማ የሚሄዱት ርቀት እኩል አይደለም። ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን ያካክሳል። አስፋልት ላይ መንሸራተቻ የለውም። መሪው ይከብዳል፣ ማርሹ ይነክሳል፣ በመጨረሻ አንድ ነገር ይሰበራል። እንዲህ ተሰብረው የመጡ መኪኖች እኔ ዘንድ ሞልተዋል። "ለደኅንነት ብዬ ነው ፎር ዊል ያስገባሁት" ይሉኛል።

አሁን ወደ ምርጫሽ። አንቺ የምትጭኚው ሣጥን እንጂ ኩንታል አይደለም። ብቻሽን ወይም ከአንድ ሰው ጋር ነሽ። ለዚህ ሥራ አጭሩ የድሮ ቪታራ ይበቃል እላለሁ። ከሥር ሙሉ ሻንሲ አለው። 1.6 ሊትር ቤንዚን ነው። ቀላል ነው፤ ዋልካ ላይ ደግሞ ክብደት ጠላት ነው። ሁለት ቶን ያለፈ መኪና ሲሰምጥ ትራክተር ይጠራል። ቪታራ ሲሰምጥ አራት ጎረምሳ ይበቃዋል።

ጉድለቱም አለ። ፎር ሎው ቢኖረውም እንደ ላንድክሩዘር ከባድ አይደለም፤ ኃይሉን ከሁለት እጥፍ በታች ነው የሚያበዛው። የፊቱ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው) ቤቱ አሉሚኒየም ነው። ድንጋይ ላይ ቤንዚን ረግጠሽ እያዘለልሽ ከሄድሽ ይሰነጠቃል። ቀስ ብለሽ ከሄድሽ ግን ዕድሜ አለው። ስሙ ቪታራ ሆኖ አዲሱን ሞዴል ደግሞ አትግዢ። አዲሱ ሌላ መኪና ነው፣ ፎር ሎው የለውም።

ናፍጣ_ብቻ

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምቃወምዎ። ቾቄ ላይ 1.6 ቤንዚን? እዚያ እኮ አየሩም ይሳሳል። ሰው ራሱ ያለከልካል።

ጋራዥ_ማርቆስ

እውነትህን ነው፣ ይሳሳል። ማርቆስ ራሷ 2,400 ሜትር አልፋለች። የቾቄ ጫፍ 4,000 ይዘልላል። 3,500 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ 30 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። ግን አንተ የምትምልበት ዋን ኤችዜድም ቱርቦ የለውም። የሱም ጉልበት ይቀንሳል። እሱ ትልቅ ስለሆነ ነው የማይታወቅብህ። ለዚህ ነው ፎር ሎው ያስፈልጋል ያልኳት። ሞተሩ ያጣውን ማርሹ ይከፍላል።

ሃርድቶፕ ከሁሉም እንደሚበልጥ አልካድኩም። ልጅቷ ግን የምትገዛው በእቁብ ነው። ሁሉንም ብር መኪናው ላይ ጨርሳ ጎማ መቀየሪያ ካጣች ሃርድቶፑ ግቢ ውስጥ ነው የሚቆመው።

የቾቄ_ሥር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። አባዬ የሚወደው ያ አሮጌ ሃይሉክስስ? ከአንድ የእርዳታ ድርጅት የወጣ ነው አሉኝ።

የቡሬ_ነጋዴ

እዚህ ላይ እኔ ልግባ። ከእርዳታ ድርጅት የወጣ ከሆነ መጀመሪያ ቀረጡን ጠይቂ። ብዙዎቹ ከቀረጥ ነጻ የገቡ ናቸው። ቀረጡ ካልተከፈለ ስም አይዞርም። ሻጩ "ይዞራል፣ ችግር የለም" ይልሻል። ችግሩ ያንቺ እንጂ የሱ ስላልሆነ ነው እንዲህ የሚለው።

ለማንኛውም መኪና ሊብሬውን ይዘሽ ውረጂ። የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን ራስሽ መኪናው ላይ አንብቢ። ሞተር የተቀየረበት ከሆነ ሊብሬው ላይ መመዝገብ አለበት። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ታርጋውን ካወጣው መንገድ ትራንስፖርት ጠይቂ። ቦሎው የዘንድሮ ይሁን። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ወካዩ በሕይወት መኖሩን፣ ውክልናውም መሸጥን የሚጨምር መሆኑን አረጋግጪ። ቀብድ በወረቀት እንጂ በቃል አትስጪ። ቁልፍ ከመረከብሽ በፊት የሦስተኛ ወገን መድን ግቢ፤ ያለሱ መንዳት በሕግ ክልክል ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ይረክሳል ብለሽ አትጠብቂ። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤክሳይዝ ሕግ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ። አሁን ያለው ያለው ነው። እዚሁ እየተገላበጠ ነው የሚሸጠው።

ጋራዥ_ማርቆስ

በሃይሉክሱ ላይ አንድ ቃል። ፒክአፕ ባዶውን ሲሆን ኋላው ቀላል ነው። ሸክም የሚጠብቅ ባሌስትራ ስላለው ኮረኮንች ላይ ይዘልላል፤ እርጥብ ዳገት ላይ የኋላ ጎማው ይፈተለካል። ሣጥን ብቻ ለሚጭን ሰው አይመችም። የድሮው ተራ ናፍጣ ሞተር ከሆነ ግድ የለም። አዲሱ ዓይነት ኮመን ሬይል ከሆነ ግን ቆሻሻ ነዳጅ አይወድም። በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ እየቀዳሽ ኢንጀክተር ስትቀይሪ የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ታወጫለሽ። እንደ ማደያው ሁኔታ ጀሪካን ግድ የሚሆንበት ሰሞን ስላለ ነው የምልሽ። ቤንዚንም ቢሆን በሃይላንድ ከመንገድ የምትገዢውን በጨርቅ አጥልለሽ ቅጂ።

ባትሪ_ይሻላል

ኤሌክትሪክ ለምን አይታሰብም? ነዳጅ ፍለጋ አትሰለፊም።

ዋልካ_የበላው

መብራት ሲጠፋ ቢቸና ላይ ማን ይሞላልሃል?

ጋራዥ_ማርቆስ

ለከተማ ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ቢሆን እኔም እል ነበር። ሆዱ ከፍ ያለ፣ አራቱንም የሚጎትት፣ ማርቆስ ላይ የሚጠግነው ሰው ያለ ኤሌክትሪክ ግን ገና አላየሁም። ሲመጣ እንነጋገራለን።

ባሕርዳር_ሾፌር

ስለ መኪናው ብዙ ተባለ፤ ስለ አነዳዱ ጥቂት ልበል። እንግዳ ይዤ ጎጃምን ዞሬዋለሁ።

ከደጀን ወደ ዓባይ ስትወርጂ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው የምትወርጂው። በፍሬን ብቻ አትውረጂ። ፍሬኑ ይግላል፣ ከዚያ እግርሽ ወለል ይነካል። የምትወጪበትን ማርሽ መውረጃም አድርጊው፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ። አስፋልት ስለሆነ ፎር ዊል አያስፈልግም። መንገዱ ደግሞ በየቦታው ስለሚሰምጥና ስለሚጎብጥ ድንገት እብጠት ታገኛለሽ። ሌሊት አትውረጂው። አሁን አሁን እኮ የሚወስነው መኪናው ብቻ አይደለም፤ ከመነሳትሽ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን ከዚያ ከመጣ ሾፌር ጠይቂ።

ዋልካ ላይ። ከመግባትሽ በፊት ፎር ዊሉን አስገቢ። ከሰመጥሽ በኋላ ማስገባት ቀብር ላይ መድኃኒት ማምጣት ነው። የጎማውን ነፋስ ቀንሺ። 30 ፒኤስአይ የነበረውን ወደ 20 አውርጂው፤ ጎማው ሰፋ ብሎ ይረግጣል። ስትወጪ መልሰሽ ሙዪው፤ በእግር የሚነፋ ፓምፕ ያዢ። ድንጋያማ ቦታ ላይ ግን አትቀንሺ፣ ጎኑ ይቀደዳል። አንድ ዓይነት ፍጥነት ያዢና መሐል ላይ አትቁሚ፣ ማርሽም አትቀይሪ። ጎማው ከፈተለከ ቤንዚን አትጨምሪ፤ ጉድጓድ እየቆፈርሽ ነው። መሪውን ግራ ቀኝ እያወዛወዝሽ ሞክሪ። እምቢ ካለ ወደ ኋላ በራስሽ ዱካ ውጪ።

መኪናው ውስጥ አካፋ፣ ወፍራም ገመድ፣ ክሪክና ክሪኩ የሚያርፍበት ሰፊ ጣውላ ይኑር። ጣውላ ከሌለ ክሪኩ ራሱ ነው ዋልካው ውስጥ የሚገባው። ወንዝ ሲሞላ ደግሞ ገበሬው ከብት ካላሻገረ አንቺም አትሻገሪ። በእግርሽ ያልለካሽውን ውኃ በመኪና አትግቢበት።

የቾቄ_ሥር

(ከሰነበተች በኋላ) ጋሼ፣ ወንድሞቼ፣ ተመልሻለሁ። እዚሁ ማርቆስ አንድ ቪታራ አየሁ። ቀለሙ የሚያበራ፣ ወንበሩ አዲስ ልብስ የለበሰ። ማርሹን ፎር ሃይ አስገባሁት፣ ገባ። ሻጩ "አየሽ?" አለኝ። እናንተን ሳስታውስ ከሥር ተኛሁ። ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ አለ። ወደ ፊት የሚሄደው የለም! ቦታው ባዶ ነው። ስጠይቀው "ቤንዚን እንዳይበላ ብለን አውጥተነው ነው፣ ቤት አለ" አለኝ። ቤት ሄደን እንየው ስለው ዘመዱ ጋ ሆነ። ዘመዱ ደግሞ ቋሪት ነው አለኝ።

ጋራዥ_ማርቆስ

ቋሪትም ላይ የለም። ይህ የተለመደ ነው። የፊቱ ዲፈረንሻል ይበላሻል፣ ማሠሪያ ብር ያጣሉ፣ ዘንጉን አውልቀው ይነዱታል። ከዚያ በፎር ዊል ዋጋ ይሸጡታል። ማርሹ መግባቱ ምንም አይነግርሽም።

ሌላ ስታዪ እንዲህ ፈትሺው። ልቅ አፈር ያለበት ሜዳ ፈልጊ። ፎር ሃይ አስገብተሽ መሪውን እስከ መጨረሻው አጥፈሽ ቀስ ብለሽ ዙሪ። መኪናው እንደ መያዝ፣ እንደ መጎተት ይላል። ወደ ሁለት ጎማ መልሰሽ ያንኑ ዙሪ፤ ይለቃል። ልዩነት ከሌለ ፊቱ አይሠራም። ቀጥሎ ቆመሽ ፎር ሎው አስገቢና በአንደኛ ማርሽ ሂጂ፤ በሰው እርምጃ ካልሄደ አልገባም። ከዚያ የዲፈረንሻሉን ዘይት መክፈቻ አስከፍቺ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ብረት የሚያብለጨልጭበት ከሆነ ትተሽው ሂጂ። ሻንሲውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጊ፤ ድምፁ የደፈነበት ቦታ የዛገ ወይም በቦዲ ስቱኮ የተሞላ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሺው፤ ቀድሞ የሞቀ ሞተር ይዞ የሚጠብቅሽን ሻጭ ነገ እመጣለሁ በይው።

ናፍጣ_ብቻ

ሃርድቶፕ ቢሆን ዘንጉን ማን ያወልቀዋል? አራት ሰው ነው የሚያነሳው።

የቡሬ_ነጋዴ

ፍኖተ ሰላም አንድ አለ። ባለቤቱ አስተማሪ ነው፣ ጡረታ ወጥቷል። ውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ደላላ የለበትም።

የቾቄ_ሥር

ገዛሁት። የፍኖተ ሰላሙን። ቀለሙ ደብዝዟል፣ የአንዱ በር መስታወት በእጅ ተደግፎ ነው የሚዘጋው። ከሥሩ ግን ሁለቱም ዘንግ አለ፤ ዘይቱም ንጹሕ ነው። በልቅ አፈር ላይ ዞርኩት፣ ያዘ። አባዬ መጀመሪያ ዞር ብሎም አላየውም ነበር። እሑድ ግን ሰው ሳያየው አጥቦታል።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ ፎር ዊል አስገብቼ ወደ ሁለት ስመልሰው ከፊት ጎማው የሆነ ድምፅ ይቀራል፤ ለምን? ሁለተኛ፣ የኋላ ሁለቱ ጎማ አልቋል። ሁለቱን ብቻ ልቀይር?

ጋራዥ_ማርቆስ

እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጄ። የመጀመሪያው ችግር አይደለም። ያንቺው የፊት ጎማው ላይ ራሱ የሚይዝና ራሱ የሚለቅ ሀብ (ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው) ያለው ይመስለኛል። ማርሹን ወደ ሁለት ከመለስሽ በኋላ ቀጥ ብለሽ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሂጂ፤ ያን ጊዜ ይለቃል። በጋም ቢሆን በየወሩ አንዴ አፈር ላይ ፎር ዊሉን አስገብተሽ ትንሽ ንጂው። ካልሠራ ይደርቃል። ክረምት ሲመጣ ያኔ እምቢ ይልሻል።

ሁለተኛውን አታድርጊው። አራቱም አንድ ይሁኑ። አዲስና ያለቀ ጎማ ቁመታቸው እኩል አይደለም፤ ፎር ዊል ስታስገቢ ፊቱና ኋላው ይጣላሉ። ልኩ በሩ ሥር ያለው ወረቀት ላይ አለ፤ 195/80 ወይም 205/75፣ ቸርኬው 15 ነው። ጥርሱ ሰፋ ሰፋ ያለውን ምረጪ፤ ጥቅጥቅ ያለው በዋልካ ቶሎ ይሞላል። ሙሉ የጭቃ ጎማ ግን አታስገቢ። አንቺ አዲስ አበባም ትሄጃለሽ፤ እርጥብ አስፋልት ላይ አይዝም፣ ጆሮሽንም ያደነቁርሻል። ብሩ ለአራት ካልበቃ ሰኔ እስኪገባ ጠብቂ፣ እስከዚያ መንገዱ ደረቅ ነው።

ዋልካ_የበላው

ቢቸና ስትመጪ ደውዪ። ገመድ እኔም አለኝ፤ የማን መኪና የማንን እንደሚጎትት እናያለን።